የእናቴ ድምፅ በሦስት ማዳመጫ

ሎስ አንጀለስ፤ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እትዬ ሣህሊቱ፤

የወረኢሉ ብርድ እንዳይጠናባችሁ እየለመንኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አክስቴ ሙሉዬም ልጇ ዶርካስም ደህና ናቸው።

ልናገረው አልናገረው እያልኩ ነው የቆየሁት። እማዬ ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪልኝ ያለችውን አላደረግኩም። ስልኩን ከፍቼ እቀመጣለሁ፣ ቀዩን ነጥብ እነካለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። የምተኛው ከዶርካስ ጋር አንድ ክፍል ነው፤ ብቻዬን ሳወራ ብትሰማኝ ትስቅብኛለች ብዬ አፍራለሁ። አንድ ቀን ሞክሬ «እማዬ» ካልኩ በኋላ የቀረው ጠፋኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ አንቺ አንብቢላት። አማርኛ ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ የተሳሳተ ፊደል ካለ እለፊልኝ።

ሁለት ኤርፎን ላኪ ያልሽኝን አልረሳሁም፤ የትኛውን እንደምመርጥ ቸግሮኝ ነው። ሊትል ኢትዮጵያ በሚሉት ሰፈር፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ አምሃ ሱቅ እሠራለሁ። በርበሬም የስልክ ቻርጀርም የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ከበሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ኤርፎን ብቻ ነው። ዶርካስ ልትወስደኝ መጥታ አየችኝና «ሰርክ፣ ብሉቱዝ ላኪላቸው እንጂ! አሁን ዋየር ማን ዩዝ ያደርጋል? ሙዚየም ናቸው እንዴ?» አለች። እዚያ መብራት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደሚመጣ ስነግራት «ኦ» አለች። ጋሼ አምሃ ከሚዛኑ ኋላ ሆነው «ብሉቱዝ የዘመኑ ወዳጅ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ አያውቅሽም። ባለ ገመዱ ግን ዘመድ ነው፤ ቢያንቅሽም አይለቅሽም» አሉ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

እባክሽ ጻፊልኝ። እማዬን የሚደክማት የትኛው ጆሮዋ ነው? ስልካችሁ ክቡ ቀዳዳ አለው? ገመዱስ ምን ያህል ይርዘም? የወረኢሉ ስልክም ኢንተርኔትም እንደተዘጋ ከቆየ መልስሽን በሰው ላኪው፤ ይኼንንም የሚያመጣላችሁ የአክስቴ ጓደኛ ነው።

ልጅሽ ሰርካዲስ


ወረኢሉ፤ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለሰርካዲስ፤

የዛሬው ባለ በዓል ሚካኤል በሄድሽበት መንገድ ሁሉ ይቅደምልሽ። ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው፤ ይህን የምጽፍልሽ ዓይኔን እየጠረግሁ ነው። እናትሽን ጭሱ ደረቷን እንዳይዛት ጓዳ አስገብቼ በሩን ዘግቼባታለሁ። ትንሽ ያስላታል እንጂ ደህና ናት።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ቀዩን ነጥብ ነክቼ ዝም እላለሁ ያልሽው ጋ ስደርስ «ዝምታዋንም ትላከው፤ ትንፋሿን ልስማ» አለች።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። የሚደክማት ግራ ጆሮዋ ነው። ስልካችን ክቡ ቀዳዳ አለው። እንደምታውቂው እኔና እናትሽ የእህትማማች ልጆች ብንሆንም ከሄድሽ ወዲህ የምንኖረው በአንድ ጣሪያ ስር ነው። እኔ የስፌት መኪናዬን ካላንቀሳቀስኩ አንበላም፤ የመኪናው ድምፅ ደግሞ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል። አንዱ ለእሷ እንዲሆን፣ ሌላው እኔ እየሰፋሁ ሬዲዮ እንድሰማበት ነው። ከደሴ የመጣልን ማዳመጫ ሁለት ሳምንት አልቆየም። አንድ ወገኑ ሞተ፤ ገመዱን አጥፌ በክር ባስረው ለጥቂት ቀን ሠራና ከዚያ እንደ ንብ ይጮህ ጀመር። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጠንካራው ለእሷ አይሆንም፤ ያቆስላታል። ገመዱም በጣም አይርዘም። ያለፈውን የመኪናዬ ጎማ ጎትቶ ሊውጠው ነበር።

ድምፅዋን በሚሞሪ ልኬልሻለሁ። ስትቀዳ እኔ ስፌቴን አላቆምኩም፤ ደንበኛም ሲገባ ሲወጣ ነበርና ጫጫታውን ቻይው። የትምህርት ቤት ፈተናሽ መቼ እንደሆነም ደጋግማ ጠይቃኛለች። ግንቦት ነው ያልሽው አይደል?

ሣህሊቱ


ሎስ አንጀለስ፤ ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ሣህሊቱ፤

ጤናና ሰላም ከደጃችሁ አይራቅ።

የእማዬ ድምፅ ደረሰኝ። ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግርሽም። ማዳመጫዎቹንም የፈተንኳቸው በእሱ ነው። ጋሼ አምሃ ሦስት ዓይነት አውርደው «ሰው በዘፈን ይሞክራል፣ ይቺ ልጅ በእናቷ» አሉና ሰጡኝ።

አንደኛው ትንሹ ነጭ ነው። በእሱ እማዬ ጣሳ ውስጥ ሆና የምታወራ ትመስላለች። ቃሏ ይሰማል፣ እሷ ግን የለችም። ጆሮ ውስጥ ደርቆ ስለሚቀመጥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያማል። ገመዱን መሰኪያው አጠገብ እያጠፍኩ ስዘረጋው በሁለተኛው ቀን አንድ ወገኑ ጠፋ። ይኼ ይቅር።

ሁለተኛው ጥቁር ሆኖ ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ አለው። ጎማው ጆሮን ስለሚደፍን አውቶቡስ ውስጥ እንኳን የሰው ወሬ አይገባም። ግን ድምፅ ያወፍራል፤ እማዬ ጎልማሳ ወንድ ትመስላለች። ስትራመጂ ደግሞ ገመዱ ልብስሽን በነካ ቁጥር ኳ ኳ ይላል። ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ይህ ችግር የለውም፤ ገመዱም ጠፍጣፋ ስለሆነ አይጠላለፍም። ለአንቺ የመረጥኩት ይኼን ነው።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፣ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን፣ ትራስ ያለው። መጀመሪያ ራስ ይጨመድዳል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይላላል። ትራሱ ሲቆይ ያልባል፣ ግን የትም አያሳምምም። ገመዱ ወፍራም ነው፣ ጨርቅ ለብሷል። ከማዳመጫው ስለሚነቀል ቢበጠስ የሚለወጠው ገመዱ ብቻ ነው።

ድምፁን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? በእሱ ስሰማ እቤት ገባሁ። መኪናሽ በቀኝ በኩል ነው። ስፌቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆም ትያለሽ። ራቅ ብሎ አውራ ዶሮ አለ። እማዬ ስሜን ከመጥራቷ በፊት ትንፋሿን ስባ ትይዘዋለች። አራተኛው ደቂቃ ላይ በትናንሾቹ ዝምታ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። በትልቁ ግን ፊቷን አዙራ፣ እኔ እንዳልሰማት ጨርቅ ውስጥ ስትስል ሰማኋት። መጨረሻ ላይ «በይ ደህና ሁኚ» ካለች በኋላ አንዲት ልጅ ከበሩ «እትዬ ሣህሊቱ፣ የኔ ቀሚስ ደረሰ?» ትላለች፤ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ደርሶላት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ሳወልቀውም ድምፁ ወዲያው አይሄድም። ግራ ትከሻዬ ላይ ትንሽ ይቆያል። ትናንት ዶርካስ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ። አፌ እየተንቀሳቀሰ ነበር።

ትልቁ ማዳመጫ ሱቁ ውስጥ ሁለት ነበር። አንዱን ለእማዬ ይኸው ልኬያለሁ። ሳጥኑ የተቀደደውን ጋሼ አምሃ «ግድግዳዬ ላይ ሽበት አብቅሏል፣ ውሰጂው» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። የአንቺን ጥቁሩን፣ ይህን የሚያመጣላችሁ ሰው ሻንጣው ስለሞላበት፣ በሚቀጥለው እልከዋለሁ።

ድምፄንም ቀድቻለሁ። ሱቁ ጓሮ፣ በጤፍ ከረጢቶቹ መካከል ተቀምጬ ነው። አጭር ነው፤ ዝምታም አለበት። ስትሰማው ምን እንዳለች ጻፊልኝ።

ሰርካዲስ


ወረኢሉ፤ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰርካዲስ፤

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥሽ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ሥራ በዛብኝ፤ ቤቱም ሰው ሲገባበት ሲወጣበት ከረመ።

የላክሽው ደርሷል። እንዳልሽው ጠንካራ ነው። ሁለተኛውን አትላኪ፤ አንዱ ይበቃናል። ሌላም ነገር አንፈልግም።

የእናትሽን ድምፅ ልኬልሻለሁ። አጭር ነው።

እህል ትበያለሽ ወይ? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ከአክስትሽ አትራቂ። ለብቻሽ ተቀምጠሽ ድምፅ ስታዳምጪ አትዋይ፤ ለጆሮም ጥሩ አይደለም ይላሉ። አሁን ዋናው ፈተናሽ ነው።

ሣህሊቱ


ሎስ አንጀለስ፤ ቅዳሜ፣ መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ሣህሊቱ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሰላም ለእማዬም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እጄ ቆሟል፤ ለምን እንደቆመ ልነግርሽ ነው።

ድምፄን ስትሰማ ምን እንዳለች አልጻፍሽልኝም። ሁለተኛውን አትላኪ፣ አንዱ ይበቃናል አልሽ። ትልቁ የእሷ ነበር፣ ጥቁሩ የአንቺ። ለሁለት ሰው አንድ እንዴት እንደሚበቃ አስቤ አስቤ ተውኩት።

አዲሱን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ ጋሼ አምሃ ባዋሱኝ በጥቁሩ። «ሰርክዬ፣ እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱም አለፈልን። አንቺ ብቻ ልብሽን ጥለሽ ተማሪ» ትላለች። ደስ ብሎኝ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

በማግስቱ ቤት ውስጥ በትልቁ ሰማሁት። እማዬ መናገር ከመጀመሯ በፊት፣ ከሩቅ፣ አንቺ «አልደረሰም፤ ነገ ነይ!» ትያለሽ። አንዲት ልጅ «እሺ» ትላለች፤ የነጠላ ጫማዋ ኮቴ ይርቃል። ከዚያ እማዬ ትንፋሿን ትስባለች።

እትዬ፣ ልጅቷ የጠየቀችሽ በኅዳር ነው። በየካቲት እንዴት ትመልሽላታለሽ?

ሁለቱን አከታትዬ ሰማኋቸው። የመጀመሪያው ጫፍና የሁለተኛው መነሻ ሲገናኙ የመኪናሽ ስፌት እንኳ አልተቋረጠም። ያው ዶሮ ነው። ብርዱ አለፈልን ስትል ገና ብርዱ አልገባም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያላየሁትን ማየት ጀመርኩ። ከገና በኋላ አንድ ጠዋት ለአክስቴ ከደሴ ስልክ ተደወለላት። ወደ መኪናዋ ወጥታ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ትለብሳለች፤ ስጠይቃት «ለሥራ ነው» ትላለች፣ ሃውቶርን በሚባለው ሰፈር ሽማግሌዎች የምትጦርበት ቤት ግን ሠራተኞቹ ሰማያዊ ነው የሚለብሱት። የማኅበሯ ሴቶች እሁድ መጥተው እኔ ስገባ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ ራሴን ዳበሰችኝ። ጋሼ አምሃም መቀለድ ትተዋል። ቅዳሜ ዕቃ ስጥል «አይዞሽ» አሉኝ። ድሮ ቢሆን «ደሞዝሽን ሰበርሽው» ነበር የሚሉኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ልጅ ሳለሁ ልጇ የሞተባት አንዲት ጎረቤታችን ትዝ ትለኛለች። ሰፈሩ ሁሉ ሳምንት ሙሉ እያወቀ እሷ ብቻ ገበያ ስትወጣ ስትገባ ነበር። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ ትልልቆቹ ተሰብስበው መጥተው አረዷት። እማዬ ያን ጊዜ «መርዶ ሳይነገር እንባ አይወጣም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ካልነገሩኝ ማልቀስ አልችልም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ልጅቷ ቀሚሷን መቼ ወሰደች?

ሰርካዲስ


ወረኢሉ፤ ሚያዝያ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰርካዲስ፤

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ አንቺንም ያቁምሽ። በዓሉን በዝምታ ዋልን።

ልጅቷ ቀሚሷን የወሰደችው ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ነው፤ በጠየቀችኝ ማግስት። ይኸው መለስኩልሽ። የቀረውን በወረቀት አልጽፍም። በወረቀት የማይነገር ነገር አለ፤ ለእሱ አክስትሽና እዚያ ያሉት ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ቀንም ቆርጠዋል።

በእኔ ግን አትፍረጂ። በዚያ ቀን እናትሽ አራት ጊዜ ነው የተቀዳችው። አንዱን በጨረሰች ቁጥር ነጠላዋን ትለውጣለች። «እታለም፣ ድምፅ ብቻ እኮ ነው፤ ልብስ አይታይም» ብላት «ዝም በይ፤ ልጄ ታውቃለች» አለችኝ። በሳቅ ፈረስን። እስከ ፈተናዋ በየተራ ላኪላት ብላ ያዘዘችኝ እሷው ናት። ያን ቀን መኪናዬን ባቆመው ኖሮ ምን ነበረበት! ለነገ የተቀጠረ ልብስ በዝቶብኝ ነው። አንቺ እንደዚህ ትሰሚያለሽ ብዬ መች አሰብኩ።

አንዱን ነገር ግን ብነግርሽ ማንም አይከለክለኝም፤ በደስታ የሚነገር ነውና። የላክሽው የደረሰው ለገና ዋዜማ ነው። ያን ጊዜ ብዙ አትናገርም ነበር። ከሻሿ ላይ አደረግኩላት። ትራሱ አላሳመማትም፤ ግራውን ጆሮዋን ጫን አድርጌ አስተካከልኩላት። ያንቺ ድምፅ ሲጀምር ገመዱን በእጇ ያዘችው። እስኪያልቅ አለቀቀችውም። ዝም ያልሽበት ቦታ ላይ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «ይኸው እዚህ ጋ አለች» አለች። ደግመሽ ክፈቺው አለችኝ። ሦስት ጊዜ ሰማችው።

አሁን ማዳመጫውን ማታ ማታ እየሰፋሁ የማደርገው እኔ ነኝ። ምንም ሳልከፍትበት አደርገዋለሁ፤ ቤቱ ጸጥ ይልልኛል።

ሁለት ድምፅ ቀርቶኝ ነበር። ከእንግዲህ ማከፋፈል አልችልም፤ ሁለቱንም ልኬልሻለሁ። መቼ እንደምትሰሚው አንቺ እወቂ።

ሣህሊቱ


ሎስ አንጀለስ፤ ቅዳሜ፣ ግንቦት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ሣህሊቱ፤

ልጅ ስለሆንኩ ምርቃት አያምርብኝም፤ ግን እጅሽ አይዛል።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ሚሞሪውን አልከፈትኩትም። ገና ያልሰማሁት የእማዬ ድምፅ በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነው። ስከፍተው ያልቃል።

አልተቀየምኩሽም። ገመዱን ይዛው ነበር ያልሽውን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ዛሬ ሱቅ ስገባ ጋሼ አምሃ የካርድ መደርደሪያውን ወደ ግድግዳው እያዞሩት አገኘኋቸው። ነገ እዚህ አገር የእናቶች ቀን ነው፤ ለእሱ የመጡ ካርዶች ናቸው።

«ጋሼ፣ ይኼ ለምን ዞረ?» አልኳቸው።

«ፀሐይ እንዳያደበዝዘው ነው፣ የኔ ልጅ።»

ፀሐይ ግን አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነው። «እሺ» ብዬ በርበሬ መመዘን ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ እየገባ የእናቶች ቀን ካርድ አለ ወይ ሲል እሳቸው «አልቋል» ሲሉ ዋሉ። ለእኔ ብለው እንደዚያ ሲዋሹ አሳዘኑኝ።

የቆረጡትን ቀን አውቄዋለሁ። ዶርካስ ከፈተናው በኋላ ያለውን ቅዳሜ ሥራ እንዳትገቢ አለችኝ። «ለምን?» ስላት «ጀስት... አትግቢ፣ ኦኬ?» ብላ ዓይኗ ሞላ። እሷን እንኳን ዝም አሰኝተዋታል። ፈተናው ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።

እኔ መጠበቅ እችላለሁ፤ ዝም ማለት ለምጃለሁ። የማልችለው የአክስቴን ነው። ትናንት ከሥራ ስትመለስ መኪናዋን ከቤታችን ፊት ፓርክ አድርጋ አልወረደችም። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። የመኪናው መስታወት ተዘግቷል። መሪውን ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አፏን ከፍታ ነበር። ድምፅ ግን አልነበረም። እኔ የሰማሁት መንገዱን ብቻ ነው። ከዚያ ፊቷን ጠረገች፤ ገብታም «ሰርክዬ፣ ራትሽን በላሽ?» ብላ ሳቀችልኝ። እማዬ ለእኔ እናቴ ናት፤ ለእሷም እኮ የእናቷ ልጅ ናት፣ አንድ ጡት የጠቡ። እኔን ጠብቃ አራት ወር እህቷን ሳታለቅስ ኖረች።

ፈተናውን እፈተናለሁ፤ እማዬ ያለችው እሱን ነው። አክስቴ እስከዚያ እንድትቆይ ግን እማዬ አላዘዘችም።

ነገ እሁድ ነው። አክስቴ ወደ ሃውቶርን ከመውጣቷ በፊት፣ ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ። ፊቴን ታጥቤ ነጠላዬን ዘቅዝቄ እለብሳለሁ። መርዶ ብቻውን የሚናገር የለምና ዶርካስን እቀሰቅሳታለሁ፤ አብራኝ ትቆማለች። በሩን አንኳኩቼ እገባለሁ፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። እንድትነግረኝ አልጠይቃትም። «አክስቴ፣ እህትሽ አርፋለች። አውቄያለሁ፤ አልቅሺ» እላታለሁ። ጎረቤት ቢሰማም ድምፄን ከፍ አድርጌ እላታለሁ።

ሰርካዲስ